ወንድሜ ከሁለት አየር መንገዶች ጥሪ መጥቶለታል፤ የቱን ይምረጥ?

የጠባሴዋ እህት (ደብረ ብርሃን)

ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የቤተሰብ ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁት። ውጭ አገር ያላችሁም፣ በአቪዬሽን የምትሠሩም እዚህ ስላላችሁ ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ከአጎታችን ጋር በዲቪ አሜሪካ ገብቶ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ይኖራል። በረራ ተማረ፣ ከዚያ አስተማሪ ሆነ፣ እያስተማረ አየር መንገድ ለመቀጠር የሚጠየቀውን 1,500 የበረራ ሰዓት ሞላ። አሁን ሁለት ጥሪ መጥቶለታል። አንደኛው ኤንቮይ የሚባል ነው፣ ዋና ቤቱ ዳላስ አጠገብ ነው። ሁለተኛው ስካይዌስት ነው፣ ዴንቨር ላይ ቤዝ፣ ማለትም አብራሪዎቹ የሚመደቡበት መነሻ ከተማ፣ አለው። ዴንቨር ማለት ለእሱ ቤቱ ማለት ነው።

እኛ ቤት ግራ ተጋብተናል። አባታችን «ስማቸውን ሰምቼ አላውቅም፤ ለምን አገሩ ገብቶ የኢትዮጵያን አየር መንገድ አይሞክርም?» ይላል። እናታችን ከአጎቱ እንዳይርቅ ብቻ ነው የምትፈልገው። ልጁ ለትምህርቱ የተበደረው ዕዳ አለበት፤ አጎታችን ነው ዋስ የሆነለት። ስለዚህ ሁላችንም እንቅልፍ አጥተናል።

አንድ ያልገባኝ ነገር ደግሞ፣ በፎቶ ያሳየን አውሮፕላን ላይ የተጻፈው «አሜሪካን ኢግል» ነው። ኩባንያው ግን ኤንቮይ ነው ይላል። ይኼ ምን ማለት ነው?


ባሶና ወራና (ጡረተኛ መምህር)

ልጄ፣ እኔ ከአባትሽ ጋር ነኝ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1945 ተቋቁሞ በ1946 ካይሮ ድረስ በረረ። ብዙው የአፍሪካ አገር ገና ነጻ ሳይወጣ ማለት ነው። ዛሬ ድሪምላይነርና ኤ350 የሚያበሩት የእኛ ልጆች ናቸው። ይህን የመሰለ ቤት እያለ በማይታወቅ ኩባንያ ትንሽ አውሮፕላን ላይ መጀመር ምን ይባላል? ልጁን መናቄ አይደለም፤ 1,500 ሰዓት አስተምሮ መሙላት ቀላል ልፋት እንዳልሆነ ይገባኛል። ለዚህ ልፋቱ የሚመጥን ቦታ ያግኝ ነው የምለው።


አንኮበሬው (ቴክሳስ)

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እኔ እዚህ በክልል አየር መንገድ ኤምብራየር 175 ላይ ካፒቴን ነኝ። ከረዳት አብራሪነት ተነስቼ ነው እዚህ የደረስኩት።

መጀመሪያ የእህታችን ጥያቄ። አሜሪካ ውስጥ ትልልቆቹ አየር መንገዶች፣ ማለትም አሜሪካን፣ ዩናይትድና ዴልታ፣ ወደ ትናንሽ ከተሞች የሚሄደውን አብዛኛውን በረራ ራሳቸው አይበሩትም። ለሌላ ኩባንያ በኮንትራት ይሰጡታል። ቲኬቱን የሚሸጠው ትልቁ ነው። የበረራ ሰዓቱንም የሚወስነው እሱ ነው። አውሮፕላኑም በእሱ ቀለም ይቀባል። አብራሪውንና አስተናጋጁን ቀጥሮ፣ ጥገናውን ይዞ የሚያበረው ግን ትንሹ ነው። «ክልል» የሚለው ስም እዚህ የበረራውን ዓይነት ነው የሚናገረው። ስካይዌስት ለዴልታም፣ ለዩናይትድም፣ ለአሜሪካንም፣ ለአላስካም ይበራል። ኤንቮይ ግን የአሜሪካን አየር መንገድ ሙሉ ንብረት ነው፤ ለእሱ ብቻ ይበራል። አውሮፕላኑ ላይ አሜሪካን ኢግል የተባለው ለዚያ ነው።

ትንሽ አውሮፕላን ለሚለው፣ ኤምብራየር 175 እስከ 76 መንገደኛ ይጭናል። ከዚያ በላይ እንዳይሆን የሚከለክለው ከትልልቆቹ አብራሪዎች ማኅበር ጋር የተፈረመ ውል ነው። የእኛ አገር የጎንደርና የላሊበላ መስመር ላይ የሚበረው ኪው400 ከዚያ ብዙም አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2010 የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴናችን አምሳለ ጓሉ ካፒቴን የሆነችው በኪው400 ነው። ስለዚህ ጋሼ፣ በትንሹ መጀመር በአገራችንም ያለ ነገር ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። አንድ ነገር ብቻ በደንብ ይገባችሁ፤ ሲኒየሪቲ። በዚህ ሙያ ሁሉም ነገር የሚወሰነው በገባህበት ቀን ነው። የትኛው ከተማ እንደምትመደብ፣ ዓውደ ዓመትን ቤትህ እንደምትውል፣ መቼ ዕረፍት እንደምትወጣ፣ መቼ ካፒቴን እንደምትሆን፣ ሁሉም በተራ ቁጥርህ ነው። ጎበዝ ስለሆንክ አትቀድምም። ከአንተ አንድ ሳምንት ቀድሞ የገባው ሰው ጡረታ እስኪወጣ ከፊትህ ነው። ኩባንያ ስትቀይር ደግሞ ቁጥሩን ይዘህ አትሄድም። አሥር ዓመት የሠራ ካፒቴን ሌላ ቤት ሲገባ ከትናንቱ ምሩቅ ኋላ ይሰለፋል። ለዚህ ነው የክፍል መጀመሪያ ቀን፣ ማለትም ሥልጠናው የሚጀመርበት ቀን፣ ከፊርማ ቦነስ የሚበልጠው። ቦነሱን ደግሞ ቶሎ ከለቀቀ አብዛኛውን ጊዜ ይመልሰዋል፤ ወረቀቱን ሳያነብ እንዳይፈርም።


የሸዋሮቢት ሾፌር

እኔ ስለ አውሮፕላን አላውቅም። የደሴ መንገድ ላይ ረጅም ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ። ልጁ ኦሮራ እየኖረ ሥራው ዳላስ ከሆነ፣ ወደ ሥራው እንዴት ነው የሚሄደው?

የምጠይቀው ለምን መሰላችሁ፤ ከሸዋሮቢት ተነስተህ ደብረ ሲናን አልፈህ ጣርማበርን ስትወጣ ገደል በግራ፣ ጭጋግ በፊት ነው። ዋሻው ጋ ስትደርስ ብርሃን ድንገት ይጠፋብሃል። በዚያ ዳገት ላይ ሰው የሚገድለው ከዳገቱ በፊት ያልተኛ ሾፌር ነው። አንዳንዱ ቤቱ ሩቅ ነው፤ ሌሊቱን ተጉዞ መጥቶ ንጋት ላይ መሪ ይይዛል። መንዳት ከመጀመሩ በፊት ደክሞ ያልቃል። አብራሪ እንዲህ ካደረገ ከኋላው ያሉት ሰዎች ምን ይሆናሉ?


አንኮበሬው

ወንድም ጋሼ፣ ልክ ነገሩ ላይ ገቡ። እዚህ «ኮምዩት» ይሉታል። ብዙ አብራሪ ከሚኖርበት ከተማ ወደ ቤዙ እንደ መንገደኛ በአውሮፕላን ይሄዳል። ትርፍ ወንበር ካለ ይሳፈራል፣ ከሌለ ይቀራል። ቀድሞ በዋዜማው ይሄድና ስድስትና ሰባት ሆነው በተከራዩት ቤት ተደራራቢ አልጋ ላይ ያድራል። ይህ ቤት በእያንዳንዱ ትልቅ ኤርፖርት አጠገብ ሞልቷል። ኪራዩ ከራስህ ኪስ ነው፤ በኮምዩት ያለፈው ጊዜም አይከፈልበትም። ደሞዝ የሚቆጠረው በሩ ተዘግቶ አውሮፕላኑ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው።

ሾፌሩ የጠየቁት ነገር እውነተኛ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 2009 ኮልጋን የሚባል የክልል አየር መንገድ ኪው400 ከኒውዋርክ ተነስቶ ቡፋሎ ሊያርፍ ሲል ወደቀ። ውስጥ የነበሩት 49 ሰዎችና መሬት ላይ የነበረ አንድ ሰው ሞቱ። መርማሪዎቹ ዋናው ምክንያት ካፒቴኑ የፍጥነት ማነስ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ የሰጠው የተሳሳተ ምላሽ ነው አሉ። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ዝቅ ማድረግ ሲገባው ወደ ላይ ሳበው። ግን በምርመራው ሌላም ነገር ወጣ። ረዳት አብራሪዋ የምትኖረው ሲያትል ነበር። ሌሊቱን ሙሉ አገር አቋርጣ ነው ኒውዋርክ የደረሰችው። አልጋ ላይ አልተኛችም። የዚያን ጊዜ የጀማሪ ደሞዝ ቤዝ ከተማው ውስጥ ቤት የሚያከራይ አልነበረም። መንገደኞቹ የገዙት ቲኬት ደግሞ የትልቁ አየር መንገድ የኮንቲኔንታል ስም ነበረበት።

ወንድምሽ 1,500 ሰዓት የሞላው በዚያ አደጋ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት ረዳት አብራሪ በ250 ሰዓት ይቀጠር ነበር። የሟቾቹ ቤተሰቦች ኮንግረስ ደጃፍ አልለቅ ብለው ሕጉ ወጣ፤ በ2013 ሥራ ላይ ዋለ። የዕረፍት ሰዓት ሕጉም በ2014 ተከተለ። ሕጉ ግን የሚቆጥረው የሥራ ሰዓትን ነው። ቤትህና ቤዝህ ስለመራራቁ የሚቆጣጠርህ የለም፤ ያንተ ኃላፊነት ነው ተብሎ ተትቷል። ስለዚህ እኔን የሚጠይቀኝን ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው «የት ትተኛለህ?» ብዬ ነው።


የኦሮራ እናት

የእኔ እህት፣ እኔም እዚሁ ኦሮራ ነኝ፣ ትውልዴ ደብረ ሲና። ባለቤቴ አብራሪ ስለሆነ ከቤት በኩል ያለውን ልንገርሽ።

ጀማሪ ሆኖ የሚመደበው ሪዘርቭ ነው፣ ተጠባባቂ። በረራ የለውም፤ ስልክ ነው ያለው። ሲደወል በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ኤርፖርት መገኘት አለበት። ሻንጣው በር ሥር ታስሮ ይቀመጣል፣ ሸሚዙ ተተኩሶ ተሰቅሏል። እንጀራ ጋግሬ ወጡን ሳላወጣ ስልኩ ይጮሃል፣ ይሄዳል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሙሉ ቀን ተቀምጦ ምንም አይደወልም። ቤዙ የምትኖሪበት ከተማ ከሆነ ይህ ሁሉ ይቻላል። ሪዘርቩን ቤትሽ ሆኖ ይጠብቃል፣ ልጁን ያጫውታል። ቤዙ ሌላ ከተማ ከሆነ ግን ያቺን ስልክ የሚጠብቀው ያ አንኮበሬው ያለው ተደራራቢ አልጋ ላይ ተጋድሞ ነው። እኛ በሁለቱም አልፈናል። ትዳራችንን የፈተነው ሁለተኛው ነው። ገንዘብ ማነሱ አልከበደኝም፣ ጥምቀትን ለብቻዬ ከልጆች ጋር መዋሉ ነው የከበደኝ።

ስለዚህ እናትሽ ያሉት ተራ የእናት ሐሳብ አይደለም። ልክ ናቸው።


የጠባሴዋ እህት

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ለእናቴ አነበብኩላት፣ «አላልኩም?» አለች።

ለወንድሜም ላክሁለት። እሱ የሚለው፣ ኤንቮይ «ፍሎው» አለው። ያለ ቃለ መጠይቅ ተራው ሲደርስ በቀጥታ አሜሪካን አየር መንገድ ያስገባዋል። ስካይዌስት ይህ የለውም። ጓደኞቹም ሁሉ «ፍሎው ካለ ምን ትፈልጋለህ» ይሉታል። አንኮበሬው ይህን እንዴት ታየዋለህ?


አንኮበሬው

ፍሎው ጥሩ ነገር ነው፣ አላጣጥለውም። ቃለ መጠይቅ የሚያስፈራው ሰው፣ ወይም ፋይሉ ላይ የወደቀ ፈተና ያለበት ልጅ፣ በፍሎው ይጠቀማል። ግን ሁለት ነገር ይመልከት።

አንደኛ፣ ፍሎው የሚፈሰው አሜሪካን ሲቀጥር ነው። ቅጥር ሲቆም ይቆማል። ዛሬ የሚነግሩት ዓመት ዛሬ ባለው ቅጥር የተሰላ ነው። እሱ ተራው ሲደርስ ገበያው ምን እንደሚሆን ማንም አይምልለትም።

ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ሰው የማያየው ነው። ፍሎው የት ነው የሚያደርሰው? አሜሪካን አየር መንገድ ጋ። አሜሪካን ደግሞ ዴንቨር ላይ የአብራሪ ቤዝ የለውም። ዳላስ፣ ሻርሎት፣ ማያሚ፣ ቺካጎ፣ ፊላደልፊያ፣ ፊኒክስ እያለ ይሄዳል። ልጁ ኑሮውን ኦሮራ ላይ ካደረገ፣ አጎቱም ማኅበረ ሰቡም እዚያ ከሆነ፣ ፍሎው የሚያደርሰው ዕድሜ ልክ ኮምዩት ወደሚያደርግበት ቤት ነው። ዴንቨር የዩናይትድ ትልቅ ማዕከል ነው። ሳውዝዌስትና ፍሮንቲየርም እዚያ ቤዝ አላቸው። ስካይዌስት ዴንቨር ላይ ለዩናይትድ ነው የሚበረው። ዳላስ ለመዛወር ዝግጁ ከሆነ ግን ስሌቱ ይገለበጣል፤ ኤንቮይ ሁነኛ ምርጫ ይሆናል። ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ውስጥ ሐበሻው ሞልቷል፣ ብቸኝነት አይሰማውም። ጥያቄው ከሃያ ዓመት በኋላ የት መኖር ይፈልጋል የሚለው ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ይቁጠር።

ሌላ አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህን ያየሁት በራሴ ነው። ከአሁኑ በፊት የሠራሁበት ኩባንያ፣ ስሙን ልተወውና፣ ለአንድ ትልቅ አየር መንገድ ብቻ ነበር የሚበረው። ትልቁ ኮንትራቱን ለሌላ ሰጠ። በቃ። አንድ ደብዳቤ መጣ፣ ዩኒፎርሙን መለስን፣ የስንት ዓመት ሲኒየሪቲ ባዶ ሆነ። እኛ ብቻ አይደለንም። በ2020 ወረርሽኙ በገባ ዓመት ብቻ ኮምፓስ፣ ትራንስ ስቴትስና ኤክስፕረስጄት ሥራ አቁመዋል። ለዚህ ነው ለአንድ ብቻ የሚበርን ኩባንያ ስታዪ፣ የዚያ ትልቅ ኩባንያ ንብረት ነው ወይስ በውል ብቻ የተያያዘ ነው የሚለውን የምትጠይቂው። ኤንቮይ ንብረት ነው፣ ይህ ይጠቅመዋል። ስካይዌስት ለአራት ስለሚበር አንዱ ቢለቀው ሌላው አለ። ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ ከእኔ ከዚያን ጊዜው ኩባንያ የተሻሉ ናቸው።

ስለ ማኅበርም ይወቅ። የኤንቮይ አብራሪዎች አልፓ በሚባለው ትልቁ የአብራሪዎች ማኅበር ውስጥ ናቸው። ስካይዌስት የራሱ የውስጥ ማኅበር ነው ያለው። አንድ ቀን ከአለቃ ጋር ሲጋጭ ልዩነቱ ይታያል።

ደሞዝ ላይ ብዙ አልቆይም። ከ2022 ወዲህ የጀማሪ ክፍያ በጣም ተሻሽሏል፤ የአሜሪካን ንብረት የሆኑት የዚያን ዓመት ጀማሪውን በሰዓት 90 ዶላር አካባቢ አደረሱት። ሌሎቹም ተከትለዋል። ዕዳውን መክፈል ይችላል።


መንዜው (መሐል ሜዳ)

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ልውጣና አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነኝ። አብራሪ መሆን እፈልጋለሁ፣ ዲቪ የለኝም። ሳይቀጠሩ በግል ከፍሎ መማር ይሻላል ወይስ የአየር መንገዱን ማስታወቂያ መጠበቅ?


አንኮበሬው

ወንድሜ፣ ማስታወቂያውን ጠብቅ፣ እየጠበቅህም ሌላ ሥራ ያዝ። አየር መንገዱ ራሱ አሠልጥኖህ በዋስ ሲያስፈርምህ ዕዳህ አገልግሎት ነው፤ እዚያው እየበረርህ ትከፍለዋለህ። በግል ከፍለህ ከተማርክ በእጅህ የሚኖረው 200 ሰዓት ገደማና የንግድ አብራሪ ፈቃድ ነው። በእሱ ብቻ የሚቀጥርህ ቤት አገር ውስጥ ጥቂት ነው፤ ጎረቤት አገር ደግሞ ቅድሚያ ለዜጋው ነው። አሜሪካ ያለው ልጅ እያስተማረ ሰዓት ይሞላል፤ እዚህ ያ መሰላል ጠባብ ነው። አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አድርግ። ገንዘብ ሳታወጣ የአንደኛ ደረጃ የአቪዬሽን ሕክምና ምርመራ አድርግ። ዓይን ወይም ጆሮ ላይ ችግር ካለ ቀድመህ ማወቅ አለብህ። እንግሊዝኛህንም አጠንክር፤ በዓለም አቀፉ መለኪያ ቢያንስ ደረጃ 4 ያስፈልጋል።


ባሶና ወራና

አንኮበሬው ልጄ፣ በደንብ አስረዳኸን፣ ተባረክ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ልጁ ከጥቂት ዓመት በኋላ አገሩ መግባት ቢፈልግ፣ እዚያ ያበረረው ይቆጠርለታል?


አንኮበሬው

ይቆጠርለታል ጋሼ። ሰዓት ሰዓት ነው፤ የሁለት አብራሪ ጄት ሰዓት ደግሞ ይበልጥ ይከበራል። ኤምብራየር 175ን የእኛ አየር መንገድ ስለማይጠቀምበት የአውሮፕላን ዓይነት ሥልጠናውን እንደገና ይወስዳል። የአሜሪካ ፈቃዱንም ሲቪል አቪዬሽን ወደ ኢትዮጵያ ፈቃድ ሊቀይርለት ይገባል። አንድ ጥቅም ደግሞ አለው። የዴንቨር ኤርፖርት ከባሕር ወለል 1,650 ሜትር ገደማ ነው፣ ቦሌ ደግሞ 2,330። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩም ክንፉም ይሰንፋሉ፤ አውሮፕላኑ ለመነሳት ረጅም ሜዳ ይበላል። በሐምሌ ሙቀት ዴንቨር ላይ በትንሽ ሴስና ሲያስተምር የከረመ ልጅ ይህን በወረቀት ብቻ አይደለም የሚያውቀው። የደብረ ብርሃን ልጅ መሆኑ ብቻውን አያስተምረውም እንጂ ከፍታው በደሙ አለ ብንል ደስ ባለኝ።

አባቱ ግን ይህን ይወቁልኝ። አገር መግባቱ መልካም ነው። ያኔም ከሲኒየሪቲው ታች ነው የሚጀምረው። ካሰበበት ሳይዘገይ ያስብ።


የጠባሴዋ እህት

ትናንት ማታ ከወንድሜ ጋር ለረጅም ሰዓት አወራን፣ አባታችንም ስልኩ ላይ ነበር። ልጁ ሁለቱም ጋ ደውሎ ጠይቋል። የዴንቨር ምደባ በሲኒየሪቲ ነው፣ ከሥልጠና እንደወጣ ሌላ ከተማ ሊመደብ ይችላል ብለውታል። እየቆየ ሲመጣ ግን ይገባል። ካፒቴን ለመሆንም መጀመሪያ በአየር መንገድ 1,000 ሰዓት በረዳትነት መብረር እንዳለበት ነገረን። እሱ ልቡ ወደ ስካይዌስት ነው። አጎታችንም ደግፎታል። አባታችን «ካፒቴን» የምትለውን ቃል ሲሰማ ድምፁ ለወጥ አለ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ስማቸው አላነሳም። አገር የመግባቱን ነገር ግን አልተወውም፣ በዓመቱ እንደገና እንነጋገራለን ብሏል።

አሁን የቀረው ጥያቄ፣ ሥልጠናው የሚጀመርበትን ቀን በቃል ነው የነገሩት። ማስተማሩን ልልቀቅ ብሎ ለአለቃው ሊያስታውቅ ነው በዚህ ሳምንት። ልክ ነው?


አንኮበሬው

እንዳያደርገው! ቀኑ በጽሑፍ እስኪደርሰው ድረስ ማስተማሩን አይልቀቅ። ጥሪ ደርሷቸው ክፍል ሲጠብቁ ወራት ያለፉባቸው ልጆች አውቃለሁ፤ በዚያ ጊዜ ደሞዝም ሰዓትም አልነበራቸውም። በጽሑፍ ከመጣ በኋላም ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይንገራቸው። ኤንቮይንም ገና «አልመጣም» አይበላቸው። እስኪወስን ድረስ በሩን ክፍት ይተወው። ስልኬን በውስጥ መልእክት ልኬልሻለሁ፣ ስጪው። የመጀመሪያውን ሲሙሌተር ከመግባቱ በፊት ይደውልልኝ፣ ከኤምብራየሩ መጻሕፍት የትኞቹን አስቀድሞ ማንበብ እንዳለበት አሳየዋለሁ።


የጠባሴዋ እህት

አሁን ደወልኩለት። ደብዳቤውን ሊጽፍ ቁጭ ብሎ ነበር። ተወው።